ሁለት ተኩል ቮልት ለእንቁላል

ሥራዬ ሰው መናቅ አስተማረኝ ብል ውሸት ነው፤ ድሮም እንቅ ነበር። ሥራው ማስረጃ አቀበለኝ እንጂ። ጎፋ፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው ቆሞ በሚስተናገድባት ክፍል ውስጥ ዲጂታል ሚዛን እጠግናለሁ። የሥጋ ቤት፣ የአትክልት ቤት፣ የወርቅ ቤት ሚዛን ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ባለቤቶቹ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "ቁጥሩ ይበራል?" ይበራል ካልኳቸው ተሸክመውት ይሄዳሉ። ትክክል ይመዝናል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብርቅ ነው፤ ከሚጠይቁትም አንዳንዶቹ ትክክል ከሆነ እንዳበላሽላቸው ነው የሚፈልጉት።

እንግዲህ የምኖረው ቀይ ቁጥር የበራበትን ነገር ሁሉ በሚያምን ሕዝብ መካከል ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ የሚል የለም። በምን ተለካ የሚልም የለም። በርቷል፣ ነጥብ አለው፣ ከነጥቡ በኋላም ሌላ ቁጥር አለው፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? ከነጥብ በኋላ ያለችዋ ቁጥርማ የሊቅ ፊርማ ነው የምትመስላቸው።

ክፍሏን የምጋራው ሽርካዬ የዚህ እምነት ሰባኪ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ተምረን አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የተሰጠን። ሰፈሩ ግን እኔን "ሚዛን ሠሪው" እያለ እሱን "ኢንጂነር" ይለዋል። ልዩነታችን እሱ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ መክተቱ ነው። ሌላም አለ፤ እሱ "ኦሪጅናል" የሚለውን ቃል ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል፣ በአክብሮት። የውጭ ዕቃ ከሩቅ መጣ ከተባለ ሳይፈታው ይሳለመዋል። እኔ ደግሞ ኦሪጅናል ተብሎ የተሸጠልኝን ዕቃ ፈትቼ ከውስጡ ያላየሁት ጉድ የለም። ቢሆንም እጁ ፈጣን ነው፣ ልቡም ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ንቀቴ እንዲህ ባላደከመኝ ነበር።

እህቴ ከእኔ ታናሽ ናት። ዓረብ አገር ለዓመታት የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመለሰችና ለቡ ላይ፣ ልስኑ ገና ባላለቀ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራየች። ሁለተኛ አልሄድም ብላ ነበር የመጣችው። ልብስ ሸጠች፣ አልሆነም። በርበሬ አስፈጭታ በላስቲክ አሽጋ ሸጠች፣ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚልክ አንድ ደላላ አገኛትና ፓስፖርቷን "ለማንኛውም እኔ ጋ ይቀመጥ" ብሎ ወሰደው። ይህን "ለማንኛውም" የሚሉትን ቃል እጠላዋለሁ። ሰው የማይፈልገውን ነገር ሲፈርም የሚጠቀምበት ቃል ነው።

ጫጩት የመፈልፈሉ ሐሳብ የእሷው ነበር። ለቡ ገና ሜዳ ያላት፣ ግቢ ያላት ሰፈር ናት፤ ቤቱን ሠርቶ የገባ ሁሉ ከአጥሩ ሥር አምስትና ስድስት ዶሮ ማርባት ይፈልጋል። ጫጩቱን ግን ከሩቅ ነው የሚያመጡት፣ መንገድ ላይም ግማሹ ይሞትባቸዋል። እህቴ ይህንን አየች። ሽርካዬንና እኔን ሱቃችን ድረስ መጥታ፣ ቆማ፣ ሳታለቅስ እንዲህ አለችን፤ "እንቁላሉ ከተፈለፈለልኝ አልሄድም። ካልተፈለፈለልኝ ለደላላው እሺ እለዋለሁ። ሌላ የምሞክረው ነገር አልቀረኝም።"

ሽርካዬ "ለዚህማ እኔ አለሁ እህቴ" አላት። እኔ በዚያ ሰሞን ክፍለ ሀገር የእህል መጋዘን ሚዛኖች ልጠግን ሄጄ ነበር፤ ማሽኑን ብቻውን ሠራው። ስመለስ እንቁላሉ ከገባ ሦስት ሳምንት ሞልቶት አልፎ ነበር፤ ጫጩት ግን አልነበረም።

ማሽኑን ላስተዋውቃችሁ። የሞተ ፍሪጅ ነው። ሆዱ ባዶ ተደርጎ ሦስት የእንቁላል መደርደሪያ ገብቶለታል፤ ከታች የሚያሞቁት አምፖሎች፣ ከኋላ አየሩን የሚያዞሩ ሁለት የኮምፒውተር ፋኖች አሉ። ከላይ፣ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት ጣት የማታክል ቺፕ አለች፤ ሙቀቱን ከሴንሰር እየሰማች አምፖሎቹን ሪሌ በሚሉት ማብሪያ ማጥፊያ ታበራለች፣ ታጠፋለች። ቺፗም ፋኖቹም ኃይል የሚያገኙት ከስልክ ቻርጀር ነው። በሩ ላይ እንግዲህ ያ ቀይ ቁጥር፤ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት። እንቁላል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከዚህ ሁለት ሦስት ዲግሪ ዝቅ ካለ ፅንሱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቀይ ቁጥሩ በሦስቱም ሳምንት ከሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ንቅንቅ አላለም። ቁጥሩን የሚመሰክርለት ሌላም ነበር፤ ሽርካዬ ከመድኃኒት ቤት የገዛው የትኩሳት ቴርሞሜትር፣ ያ ባለ ብርጭቆው፣ ከመደርደሪያው ጎን በፕላስተር ተለጥፏል። እሱም ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ይላል። ሁለት ምስክር ተስማማ፣ እንቁላሉ ግን ሞተ። እህቴ አንዱን ሰብራ አሳየችኝ። ዓይን የሚመስል ጥቁር ነጥብ ይታየኛል፣ ከዚያ በላይ ግን አላደገም። ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደነችው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምክር አይጣል ነው። እንቁላል ያቀረበላት ባለሱቅ ጥፋቱን ከአውራ ዶሮዎቹ ላይ ጣለ፤ አውራ ዶሮ መልስ አይሰጥማ። ከሐዋሳ ወዲያ የመጡ፣ ጸሎት የሚወዱ ሴትዮ የሆኑት አከራይዋ ፍሪጁ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ጸሎታቸውን አልንቅም፤ እንዲያውም በዚያ ሰሞን ለማሽኑ ከተደረገለት ሁሉ ጉዳት ያላደረሰበት እሱ ብቻ ነው። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት፣ "እኛ ስንበይድ መብራቱ ስለሚወርድ ነው፣ ስታቢላይዘር ግዙ" አለ። ሽርካዬ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ስታቢላይዘር ማለት በዚህች ከተማ ለፍሪጅም፣ ለቴሌቪዥንም፣ ለትዳርም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የሕፃን አልጋ የሚያክል፣ ወፍራም መርፌ ያለው ስታቢላይዘር ተሸክሞ መጣና በአከራይዋ ኮሪደር፣ ሶኬቱ ሥር አስቀመጠው። መርፌው ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። ሁሉም አጨበጨበለት።

"አሁን አሪፍ ነው" አለ ሽርካዬ። "ዋናው መስመር ጸድቷል።"

ፍሪጁን ከፍቼ እጄን አስገባሁ። የሚዛን ሥራ እጄን ሙቀት መለካት አላስለመደውም፣ ግን ለብ ያለ ነገርና የሞቀ ነገር ለመለየት ዲግሪ አያስፈልግም። ለብ ያለ ነው። ቴርሞሜትሩን ነቅዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። የለቡን የጠዋት ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያልተለሰነ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚያፏጭ ዓይነት ነው። ቴርሞሜትሩን ነፋሱ ላይ ያዝኩት። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት።

ሽርካዬ ከትከሻዬ በላይ እያየ፣ "አየህ? ንቅንቅ አይልም። ኦሪጅናል ነው" አለኝ።

እዚያው ልመታው ነበር። የትኩሳት ቴርሞሜትር የደረሰበትን ከፍታ ካላራገፉት በቀር አይለቅም፤ የታመመ ልጅ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል። ሽርካዬ ራሱ በልጅነቱ በብብቱ ይዞት እየተኛ አድጓል። ግን ማሽኑን ጎፋ ሱቃችን ውስጥ ሲሞክር ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ደረሰለት፣ ከቀይ ቁጥሩም ጋር ገጠመለት፤ ከዚያ በደስታ በፕላስተር ለጠፈው፣ ፍሪጁን ከነቴርሞሜትሩ አስጫነና ለቡ አራገፈው። ቴርሞሜትሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእህቴ ሲነግራት የነበረው የጎፋን ሙቀት ነው። እህቴ በየማለዳው እየተነሳች አንብባዋለች፤ ለደላላውም ስልክ ሲደውል "ጥሩ እየሄደ ነው" ብላዋለች።

አራግፌ መልሼ አስገባሁት። ለረጅም ጊዜ ጠበቅን። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ይላል፤ የቴርሞሜትሩ ሜርኩሪ የመጀመሪያዋን መስመር፣ ሠላሳ አምስትን፣ እንኳ አልነካትም።

"ሴንሰሩ ነዋ!" አለ ሽርካዬ። "ኦሪጅናል አይደለም ማለት ነው።"

"ሴንሰሩ ምን አደረገህ?" አልኩት። "ሴንሰሩ እውነቱን ይናገራል። አድማጩ ነው ችግሩ።"

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልናገር። ያቺ ቺፕ ሙቀት አታውቅም። ሴንሰሩ በየዲግሪው ትንሽ ትንሽ ቮልቴጅ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ የተላከላትን በእጇ ካለ ሌላ ቮልቴጅ ጋር አስተያይታ "የዚህን ያህል እጅ ነው" ትላለች። በእጇ ያለው ሪፈረንስ ይባላል፣ የምትለካበት ሜትር ማለት ነው። ሽርካዬ ለዚህ ሜትር ብሎ ለብቻው ያዘጋጀላት ነገር አልነበረም። የሚመግባትን የቻርጀር አምስት ቮልት "በዚሁ ለኪ" ብሏታል። አምስቱ አምስት እስከሆነ ድረስ ያስኬዳል፤ ጎፋ፣ በጠረጴዛችን ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ሲሞከርም አምስት ነበር። ለቡ ላይ ግን ሶኬቱ ያለው የአከራይዋ ኮሪደር ውስጥ ስለሆነ ቻርጀሩ እዚያ ተሰክቶ፣ ክር የመሰለ ረጅም ገመድ በመስኮት ገብቶ ነው ማሽኑ ጋ የሚደርሰው። በዚያ ገመድ ፋኖቹም ሪሌውም ይጠጣሉ። ቴስተሬን፣ የቮልት መለኪያዬን፣ ቺፗ ጫፍ ላይ አድርጌ አየሁት፤ አራት ነጥብ ስድስት። ሜትሩ ካጠረ ጨርቁ የረዘመ ይመስላል። ቺፗ "ሞቀ" እያለች አምፖሉን ስታጠፋ፣ እንቁላሎቹ በሠላሳ አራት ዲግሪ ተኩል ግድም ተኝተው ነበር። ያ ሁሉ ስታቢላይዘር ደግሞ ከቻርጀሩ በፊት ቆሞ ሁለት መቶ ሃያውን ያሳምራል። ጉዳቱ ያለው ከቻርጀሩ በኋላ ነው።

ሽርካዬ ሲገባው ወዲያው ገባው፤ ይህን አልነፍገውም። "ወፍራም ገመድ እናድርግ" አለ።

"መብራት ሲሄድስ? በባትሪ ስትሠራ? ባትሪው ሲደክምስ? ሜትሩ ከሚመግባት ነገር ጋር እስከታሰረ ድረስ አንድ ቀን ያጥራል። ሜትሩ ለብቻው ይሁን።"

እንግዲህ የሪፈረንስ ምርጫው እዚህ ተጀመረ፤ አብሮት ጠቡም። ደላላው ለእህቴ እስከ ወር መጨረሻ አሻራ እንድትሰጥ ነግሯት፣ እሷ ለምና አንድ ጊዜ ብቻ እንቁላል የምታስገባበት ጊዜ አስጨምራለች። ያም በጭንቅ ነው የሚበቃው። በዚያው ሳምንት እንቁላል ካልገባ ነገሩ አለቀ።

ሽርካዬ በበነጋው የስልኩን ስክሪን አፍንጫዬ ላይ ለጠፈው። ከውጭ የሚመጣ፣ ለሆስፒታል መሣሪያ የሚሆን፣ ከነጥብ በኋላ ቁጥሩ ተደርድሮ የማያልቅ የሪፈረንስ ቺፕ ነው። ከዱባይ የሚመላለስ የአክስቱ ልጅ ይዞለት ይመጣል።

"መቼ?"

"በቅርቡ።"

"በቅርቡ ማለት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ሄዳ እዚያው ዱባይ ትቀበለው እንዴ? ደግሞ ለምኑ ነው? ዶሮ እኮ ነው! እናት ዶሮ ክንፏ ሥር የሆስፒታል መሣሪያ አላት? ግማሽ ዲግሪ ያህል ብንስት ይቅር ትለናለች። የምንፈልገው ፍጹም ሜትር አይደለም፣ የማይለጠጥ ሜትር ነው።"

"አንተ ሁልጊዜ ርካሽ ነገር ነው የምትወደው።"

"አዎ። ርካሽ ሆኖ የሚሠራ ነገር እወዳለሁ። ውድ ሆኖ የማይመጣ ነገር ለአንተ ይሁንልህ።"

የቺፗን የራሷን፣ በሆዷ ውስጥ የተሠራላትን ሪፈረንስ አሰብኩ። በነጻ ያለ ነገር ነው፣ አይለጠጥምም። ግን ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ በአንዷ አንድ ቮልት፣ በሌላዋ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ከታማኝ ቴርሞሜትር ጋር አስተያይቶ ማረም ይፈልጋል። ዛሬ እኔ አርሜው፣ ነገ ቺፗ ተቃጥላ ሽርካዬ ሌላ ቢተካባትስ? ሽርካዬን ከቴርሞሜትር ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ብቻቸውን መተው አልፈለግሁም። ነፃውን ነገር የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን ስለ ሰው ባለኝ እውቀት።

ዕቃ መሸጫዎቹን ደግሞ ዞርኩ። አንዱ "ሪፈረንስ" ስለው ዜነር ዳዮድ አወጣልኝ። "ይሄ ነው እሱ፣ ኦሪጅናል።" ዜነር እንደ ሰው ነው፤ ሙቀት ሲነካው አቋሙን ይቀይራል። ሱቅ ወስጄ ከቴስተር ጋር አስሬ የመበየጃ ካውያዬን አጠገቡ አደረግሁት፤ ሳልነካው ቁጥሩ መንሸራተት ጀመረ። ሞቃት ሣጥን ላይ የሚቀመጥ ሜትር ሙቀት ከፈራ ምን ይሠራል?

ያኔ ነው ጠረጴዛችን ሥር ያለው ክምር ትዝ ያለኝ። ጠጋኝ የሚባል ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ክምር አለው፤ የሞተ ቻርጀር፣ የተቃጠለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ "ለስፔር" ተብሎ የተቀመጠ፣ ሚስት ብታየው የምታስጥለው ቆሻሻ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብትፈታው፣ ቮልቴጁን ቀጥ አድርጋ ስትይዝ የኖረች ባለ ሦስት እግር ጥቁር ነገር ታገኛለህ፣ ከምስር ብዙም አትበልጥም። አራት ሠላሳ አንድ እንላታለን፤ ከጀርባዋ የተጻፈው ቁጥር ነው። በትክክል ካሰርካት ሁለት ተኩል ቮልት ትሰጥሃለች፣ ከላይ የሚመጣው አምስትም ይሁን አራት ተኩል ግድ የላትም። ዓለም ላይ የሚሸጥ ቻርጀር ሁሉ በእሷ ቢጤ ላይ ቆሞ፣ ስሟን የሚያውቅ ግን የለም። ማንም ኦሪጅናል ነሽ ብሏት አያውቅም።

ከአምስት ሬሳ አምስት ነቀልኩ። ሚዛን የማስተካክልበት ጥሩ ቴስተር አለኝ፣ ለሽርካዬ የማላውሰው። አንዷን ጣልኳት፣ ወላውላ ነበረች። አራቱ እርስ በርሳቸው ልዩነታቸው ከቁብ የሚቆጠር አልነበረም። ካውያ አስጠጋኋቸው፤ የመጨረሻዋ ቁጥር ትንሽ ተንቀጠቀጠች እንጂ የሸሸ የለም። የተሻለችውን መረጥኩና ተነስቼ ለቡ ሄድኩ።

ሽርካዬ ከእኔ ቀድሞ እዚያ ነበር፣ ለእህቴ ስለ ዱባዩ ቺፕ እያስረዳት። እጄ ላይ ያለችውን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ።

"ከዚያ ቆሻሻ ነው ያወጣሃት?"

"ከዚያ ነው።"

"ለእህትህ ሕይወት ከሬሳ የተነቀለ ዕቃ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ስለ እሷ ምን ብሎ ያውቃል? ሰው ቁጥሩ ከበራለት ይበቃዋል። አንተ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሸት ስታበራላት ኦሪጅናል ዕቃ ነበርክ፤ እኔ እውነት ይዤ ስመጣ ቆሻሻ ሆንኩ?"

የማልጽፈውን ጨምሬ ተናገርኩት። እሱም የማልጽፈውን መለሰልኝ። አከራይዋ ከኮሪደሩ "በጌታ ስም!" እያሉ ወጡ። እህቴ ፍሪጁን ተደግፋ ትሰማን ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ንቀት ነው፤ ንቀት ስለማውቅ አልሳሳትም። ለሁለታችንም እኩል ነበር።

"የትኛው ነው ዛሬ የሚገጠመው?" አለች።

"የእኔ" አልኩ።

"ግጠመው እንግዲህ። አንተም" አለችው ሽርካዬን፣ "ተው እያልክ መቆም ትተህ ፋኖሱን ያዝለት፤ መብራት ሄዷል።"

ያዘልኝ። ሦስቱን እግር ከአንድ ሬዚስተር ጋር በትንሽ ሰሌዳ ላይ አስቀድሜ በይጄ ነበር የመጣሁት፤ እዚያ ከቺፗ የሪፈረንስ እግር ጋር ማገናኘትና ለቺፗ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው የምትለኪው" የሚል ትእዛዝ መጫን ብቻ ነበር የቀረው። መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙን ሽርካዬ አስተካከለው፤ በዚህ ከእኔ ይፈጥናል። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ሠላሳ አራት ዱብ አለ። አምፖሎቹ በሩ፣ አልጠፋ አሉ። ቴርሞሜትሩን አራግፌ ለእህቴ ሰጠኋት፤ "አንቺ ያዥው፤ ባየሽው ቁጥር አራግፊው" አልኳት። ቀስ እያለ ቁጥሩና ሜርኩሪው አብረው ወጡ። ገመዱን ጎትቼ፣ ቻርጀሩን ቀይሬ፣ ከባትሪ አስሬ ሞከርኩት። የሚመግባት ቮልት ወጣ፣ ወረደ፤ ቁጥሩ ግን ሠላሳ ሰባት ተኩልን አልፎ ከቆመበት አልሸሸም።

ስታቢላይዘሩን ሽርካዬ ተሸክሞት ሊሄድ ሲል አከራይዋ ለቴሌቪዥናቸው ለመኑት። ሰጣቸው። መርፌው እስካሁን ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆሞ ያስጨበጭባል። የዱባዩ ቺፕም እስካሁን "በቅርቡ" ላይ ነው።

እንቁላሉ ገባ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት እህቴ ከግቢው አልወጣችም ማለት ይቻላል። እየገለበጠች፣ ውሃ እየጨመረች፣ ቴርሞሜትሩን እያራገፈች ኖረች። ደላላው ሲደውል አታነሳም ነበር፣ ሲደጋግም ታነሳና "ቀጠሮው ይድረስ" ትለዋለች። እኔ ሥራ ስጨርስ ከጎፋ ሚኒባስ ይዤ እየመጣሁ፣ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ እመለሳለሁ። ሽርካዬም ይመጣ ነበር፣ እኔ በሌለሁበት ሰዓት። እህቴ ናት የነገረችኝ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፍሪጁን ይዞረዋል፣ ሳይነካው ይሄዳል።

ደላላው የመጣው ማለዳ ላይ ነው። ጥቁር ቦርሳ በብብቱ ይዟል፣ መኪናው መንገድ ላይ ሞተሯ እየሠራች ትጠብቀዋለች። የሰርቪስ ቤቷን በር ገርበብ አላደረገውም፣ ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆመ። ውስጥ እኔ፣ ሽርካዬና አከራይዋ ነበርን፤ እህቴ ፍሪጁ ፊት ተንበርክካ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ቅርፊት ሲሰነጠቅ ይሰማ ነበር። አንዳንዶቹ ወጥተው፣ ላባቸው ገና እርጥብ ሆኖ፣ በሌሎቹ እንቁላሎች ላይ እየወደቁ እየተነሱ ነበር። የታችኛው መደርደሪያ በሙሉ ይንጫጫል።

"ቀጠሮሽ ዛሬ ነው የኔ እናት" አላት። "አሻራ ትሰጫለሽ፣ ከዚያ አለቀ።"

እህቴ የወደቀ እርጥብ ጫጩት አንስታ አቆመች። እሱም ጎንበስ ብሎ ከትከሻዋ በላይ ተመለከተ።

"ኧረ! ይሠራል እንዴ እውነትም? ስሚኝማ፣ ለእኔም ሃያ ያህል ያዥልኝ። ባለቤቴ ጫጩት ጫጩት ብላ ልታሳብደኝ ነው።"

በሕይወቴ ብዙ ሰው ንቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ሴትዮዋን ሊወስድ የመጣ ሰው ከሴትዮዋ ጫጩት አስያዘ። ሁለቱ ነገር አብሮ እንደማይሆን አልታየውም፤ እሷ ለእሱ ዕቃ ናት፣ ጫጩቱም ዕቃ ነው፣ ሁለቱንም ይይዛል። ለእሱ የሚሆን ስድብ አፌ ላይ ደረሰ። ጥሩ ስድብ ነበር፣ በደንብ የተሠራ።

እህቴ ቀድማኝ ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ማን ያሳድግልሃል?" አለችው።

"እንዴት?"

"እኔ ከሄድኩ ጫጩቶቹን ማን ነው የሚያሳድግልህ?"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ፓስፖርቴን ስጠኝ።"

"አንቺ ደግሞ! ነገሩ ተጨርሷል እኮ። እዚያ የሚጠብቁሽ ሰዎች አሉ።"

"እዚህም አሉ።"

ወደ እኔ አየ። ወደ አከራይዋ አየ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ነበር። ሽርካዬ ከግድግዳው ተነጥሎ፣ ሸሚዙን እንደከተተ፣ እህቴ ጎን መጥቶ ቆመ። ደላላው ቦርሳውን ከፈተ። በላስቲክ የታሰሩ ፓስፖርቶች ናቸው፣ ብዙ፤ እያገላበጠ ከመሀላቸው የእሷን መዘዘ። "ትጸጸቻለሽ" እያለ ዘረጋላት።

ተቀበለችው። አልከፈተችውም፣ አላየችውምም፤ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ስድቤን ዋጥኩት። እንባዬንም ለመዋጥ ሞክሬ ነበር፣ እሱ ግን እምቢ አለኝ፤ ሽርካዬ አየኝና ፊቱን አዞረልኝ።

ደላላው አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ከኋላው የለቡ ነፋስ እየገባ። እህቴ ወደ ጫጩቶቿ ዞራ ተንበረከከች።

"በሩን ዝጋው" አለችው፣ ሳታየው። "እየበረዳቸው ነው።"

ዘጋው፤ ከውጭ።